ከማድ ቤት የተመረቁ

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሸዋ ሮቢት፣ አክስቴ ቤት አንዲት ጀርመናዊት ልጅ እንግዳ ሆና መጣች። የመጣችው አማርኛ ለመማር ነው። በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ፊደሉንና ሰዋስዉን አጥንታለች። ታነባለች፣ ትጽፋለች፤ አፏ ግን አልተፈታም። አዲስ አበባ ጥቂት ሳምንት ብትቀመጥም ሁሉም ሰው በእንግሊዝኛ እያናገራት ተቸገረች። እንግሊዝኛ የማይሰማበት ቤት ስታፈላልግ በሰው በሰው አክስቴ ዘንድ ደረሰች። የተሰጣት አልጋ የአክስቴ ልጅ አልጋ ነው። ባለአልጋዋ ሪያድ ከሄደች ገና አምስት ሳምንቷ ነበር።

የሁለቱም ዕድሜ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ሁለቱም የሰው አገር ሄደው፣ የሰው ቤት ገብተው፣ ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር እየኖሩ የማያውቁትን ቋንቋ ሊለምዱ ነው። የአንደኛዋ ነገር በአገሯ ስም አለው፤ ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ቋንቋ መማር ይባላል። ስትመለስ ከትምህርቷ ይቆጠርላታል። የሌላዋ ግን «ኮንትራት ሄደች» ከመባል ያለፈ ስም አልነበረውም።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስም ስላልወጣለት ትምህርት ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይኸው፦ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ቋንቋ ተምረው ነው የተመለሱት። ያንን ትምህርት መንግሥትም፣ ቀጣሪም፣ እኛ ቤተሰቦቻቸውም ከቁም ነገር ቆጥረነው አናውቅም። ባለመቁጠራችን የሚጎዱት እነሱ ብቻ አይደሉም። ነገ የሚሄዱት ልጆች አፋቸው እንደታሰረ ይሄዳሉ፤ በሰው ቤት ደግሞ የታሰረ አፍ አደጋ ነው።

ጋሼን «ነይ» ያለችው

አክስቴ ቤት ትምህርት የሚሰጠው ማድ ቤት ነው። ጀርመኗ ልጅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። የእኛ አገር የሽንኩርት አገር ነውና የሚላጥ አይጠፋም። እየላጠች ትጠይቃለች። ቁሌት፣ አብሲት፣ ወበቅ፣ አጎበር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን ቃላት ከመጽሐፏ አላገኘቻቸውም። አክስቴ «አስተማሪ ነኝ» ብላ አታውቅም፤ ግን አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ለመድገም አትሰለችም። ልጅቱ ስትሳሳት ጎረቤት ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ ይታረማል።

ታዲያ በዚያ ቤት የሚያናግሯት ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «ነይ»፣ «ግቢ»፣ «ብዪ»፣ «ተቀመጪ» ነው። አንድ ቀን የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቡና ሲጠሩ መጡ። ልጅቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና በታላቅ አክብሮት «ጋሼ፣ ነይ! ግቢ፣ ተቀመጪ!» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሳቁ፤ «ገብቻለሁ ልጄ፣ እደጊ» ብለው መረቋት። ይህ ታሪክ ዛሬም ቡና ላይ ይነሳል፤ ሲነሳም በፍቅር ነው።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ውስጥ ምን ትሰማለች? «ታዓሊ» ነይ ነው። «ሩሒ» ሂጂ ነው። «ጂቢ» አምጪ፣ «ሹፊ» እዪ፣ «ነዚፊ» አጽጂ ነው። ሁሉም ለሴት የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ ሌላ የሚያናግራት የለም። በሁለተኛው ወር አካባቢ ምሳ ደርሶ የቤቱን አባወራ እንድትጠራ ተላከች። በሩ ላይ ቆማ «ባባ፣ ታዓሊ!» አለች። «ባባ፣ ነይ» ማለቷ ነው።

ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። ቋንቋን ከቤት ውስጥ የሚለምድ ሰው የሚመልሰው የተነገረውን ነው፤ ለሌላው እንዴት እንደሚባል ገና አልሰማም። ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። ሪያድ ላይ ግን የሳቀ የለም። እመቤቲቱ ባሌን አላገጠችበት ብላ ጮኸችባት፤ ስልኳንም ለአንድ ሳምንት ወሰደችባት። እኛም ለአንድ ሳምንት ድምፅዋን አጥተን ሞታ ይሆን እያልን ሰነበትን። አንዲት የፆታ ምልክት ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

ሌላም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጀርመኗ ልጅ አክስቴን «እማዬ» ትላት ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሲላት ሰምታ ነው። የአክስቴ ልጅም አሠሪዋን «ማማ» ትላለች። ይሄኛውን ያዘዟት በመጀመሪያው ቀን ነው። በአንድ ጊዜ፣ በሁለት አገር፣ ሁለት ልጆች ያልወለደቻቸውን ሴት እናቴ እያሉ ቋንቋ ይማሩ ነበር።

ለምን አንዱ ትምህርት ተባለ፣ ሌላው አልተባለም? ብዙ አስቤበታለሁ። የገንዘቡ መሄጃ ይመስለኛል። ጀርመኗ ልጅ ለአክስቴ በየወሩ ትከፍላለች። (አክስቴ መጀመሪያ «እንግዳ ይከፍላል እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ተለመነች።) የአክስቴ ልጅ ግን የምትከፈል ናት። ከፋዩ ተማሪ ተባለ፤ ተከፋዩ ሠራተኛ ተባለ። ሠራተኛ ደግሞ ተማረ አይባልም፤ ለመደ ነው የሚባለው።

ኸምሳ አምስት ነው

ያልሄደ ሰው የማይገምተው አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። አማርኛና ዓረብኛ ዘመዳማቾች ናቸው። ቤት በይት ነው፣ ስም ኢስም ነው፣ ደም ደም ነው፣ ሞት መውት ነው። የእኛ ልጅ እዚያ ስትደርስ አንዳንዱ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል። ዝምድና ግን ሁልጊዜ አይበጅም። ቁጥር ላይ ሲደርስ ይከዳል።

በዓረብኛ ሦስት ሲባል በእኛ ጆሮ «ሰላሳ» ይመስላል። አራት «አርበዓ» ነው፣ አርባ ይመስላል። አምስት «ኸምሳ» ነው፤ ሃምሳ። ሰባት «ሰብዓ» ነው፤ ሰባ። ስምንት ደግሞ ቁርጥ «ሰማንያ»። ማለትም አምስት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ ሆነው ይሰማሉ። በሁለቱም ቋንቋ ሥሩ አንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ለአሥር ቤቱ ያገለገለው ድምፅ እነሱ ዘንድ ለአንድ ቤቱ ነው።

የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ቀኗ «ኸምሳ በሰል» ተባለች። በሰል ሽንኩርት መሆኑን በጣት አሳይተዋታል። ቁጥሩን ግን የሰማች መሰላት። ሃምሳ! የሽንኩርት አገር ልጅ ናትና አልገረማትም፤ ድግስ አለ ብላ ጆንያውን ዘርግታ ተያያዘችው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ስትደርስ እመቤቲቱ ገባች። ምን እንደተባለች እሷ እስካሁን አትናገርም፤ «ደግነቱ ያኔ ዓረብኛ አልሰማም ነበር» ትላለች።

ይህ የሚያስቀው ነው። የማያስቀውን ልጨምር። በአራተኛው ወር ደሞዟ ቀረ። «ደሞዜ» ለማለት «ራቲቢ» እንደሚባል አታውቅም። «ፍሉስ» የሚለውን፣ ገንዘብ ማለት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እሱን ብላ ብትጠይቅ ልመና እንዳይመስልባት ፈራች። ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለች። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እንላለን። አፏ ያልተፈታ ልጅ ግን የሠራችበትንም አታገኝም።

በመጨረሻ ያስተማራት ማን ነው? የቤቱ የአራት ዓመት ልጅ። እሱ ዕቃ እያነሳ ይጠራላታል፣ ስትሳሳት ሳይቆጣ ያርማታል፣ ካርቱን አብረው ያያሉ። «አይደለም፣ እንዲህ በዪ» ይላታል። አክስቴ ለጀርመኗ ልጅ የነበረችውን ያህል ለእሷ የነበረ አንድ ሕፃን ብቻ ነው። በስምንተኛው ወር እመቤቲቱ በስልክ የምታወራውን ትሰማ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የቀረባትን ደሞዝ ቆጥራ፣ ተከራክራ፣ አብዛኛውን ተቀብላ ተመለሰች። በዓረብኛ ተከራክራ። እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሬ በእንግሊዝኛ ከማንም ጋር ተከራክሬ ገንዘብ ያስመለስኩበትን ቀን አላስታውስም።

በሌላው ዓለም ይህ ክብር አለው

ከሰው ቤት ቋንቋ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ፣ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋዎቿ ሲያስረዱት ከረሙ። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከሉን በሉዶልፍ ስም ይጠራል። በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮ መሰንበት ምን እንደሚያፈራ ጀርመኖች ያውቃሉ ማለት ነው። ጀርመኗ ልጅ ሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣችው በከንቱ አይደለም።

አሜሪካኖችንም ተመልከቱ። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ተቋርጦ፣ እንደገና ተጀምሮ፣ እንደገና ተቋርጦ በ2007 ሲመለሱ፣ አዲስ የሚመጡት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለጥቂት ወራት ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ቋንቋ ይማሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ይፈተናሉ። ፈተናው ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም፤ ቁጭ ብለው ያወሯቸዋል፣ እንደ ንግግራቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። ዶሮ ወጥ እየበላ ሦስት ወር የተማረ ወጣት ደረጃ የሚያሰጥ ትምህርት ከተማረ፣ ሁለት ዓመት በሰው ማድ ቤት የቆመችው የእኛ ልጅ ምንም አልተማረችም ልንል ነው?

ይፋትስ ብትሆን? ዓረብኛ ለይፋት እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ወላስማዎች ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የገዙት ምድር ነው። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቅ የኖራ ጥንታዊ ከተማና የመስጊዷ ፍርስራሽ አለ። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። በዚያ ገበያ ዓፋርኛውን፣ አርጎብኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውንና ዓረብኛውን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያንን ሰው ቱርጁማን ይሉታል፤ ያለ እሱ ሚዛን አይነሳም። ዛሬ ያንኑ ሥራ መሥራት የምትችል ልጅ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ታፈላለች።

የእኔ ኃጢአት

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። የአክስቴ ልጅ በ2007 ዓ.ም. ስትመለስ ቤተሰቡ ሁሉ ምን አመጣች ነው ያለው። ወርቅ አመጣች? ስልክ አመጣች? ቤት ትሠራ ይሆን? እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ምን አወቅሽ ያላት የለም። እንዲያውም ወሬ መሃል «ኸላስ» ወይም «ያላ» ስትል «ኧረ ዓረበችብን!» እያልን እንስቅባት ነበር። ጀርመኗ ልጅ ግን በአማርኛዋ መሃል ጀርመንኛ ስትጨምር ቆንጆ ነው ያልነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚኖሩ የየመን ስደተኞች አንድ ዘገባ እሠራ ነበር። አንድ አዛውንት በዓረብኛ የነገሩኝን በድምፅ ቀዳሁት። አስተርጓሚ ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተትኩ፤ ዓረብኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አግኝቼ ከፍዬ አስተረጎምኩ፣ ዘገባውም ወጣ። ለፋሲካ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ቅጂውን እንዲያው ለጨዋታ ለአክስቴ ልጅ ከፈትኩላት። የአሠሪዎቿ ሾፌር የመናዊ ስለነበረ አነጋገሩን ታውቀዋለች። ትንሽ ሰማችና «ይሄ ሰውዬ እኮ ቤት የለኝም አላለም» አለችኝ። «ዘልሒን ነው ያለው። አሁን ማለት ነው። አሁን ቤት የለኝም ነው የሚለው። አገሩ ቤት አለው።»

አስተርጓሚዬ መጽሐፍ ውስጥ የሌለችውን ቃል ዘሏታል። እኔ ደግሞ አገሩ ላይ ቤት ያለውን ሰው ከመጀመሪያው ቤት አልባ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የሚያርመኝ ሰው የአክስቴ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን እሷን አስተርጓሚ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ታዲያ መሥሪያ ቤቶች ለምን አያስቧቸውም ብዬ ለመጮህ ምን አፍ አለኝ? ቢሆንም እጮኻለሁ።

«ግን እኮ…» ለምትሉኝ

አንደኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ «የግፍ ቤትን ትምህርት ቤት ልታደርገው ነው ወይ?» የሚለው። አይደለም። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በሩ ነው። ጀርመኗ ልጅ አክስቴ ባትስማማት ሻንጣዋን አንስታ ባጃጅ ትጠራ ነበር። የአክስቴ ልጅ ፓስፖርት ግን የእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ቤት የተበደሉ፣ የተደፈሩ፣ ከፎቅ የወደቁ፣ በሬሳ ሣጥን የመጡ አሉ። ያንን የሚያስረሳ አንድም ቃል አልጽፍም። የምለው እንዲህ ነው፦ በግፍ መሃል የተገኘ እውቀትም እውቀት ነው። ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት፤ ስለዚህ የእሷ ነው፤ ልትጠቀምበት ይገባል።

ሁለተኛው «የኩሽና ዓረብኛ ነው፣ የተሰባበረ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው። ብዙ አሠሪዎች ራሳቸው ለሠራተኛ ሲናገሩ ቋንቋውን ሰባብረው ነው የሚናገሩት፤ «ማፊ ሙሽኪላ» ዓይነት። ሕፃናት የሌሉበት፣ ሰው የማይመጣበት ቤት የገባች ልጅ ከዚያ ብዙም ላታልፍ ትችላለች። ልጆች ያሉበት፣ አያት ያለችበት ቤት የገባችው ግን የቤት ሰው የሚናገረውን ይዛ ትመጣለች። ማን የት እንደደረሰች በጅምላ መፍረድ ሳይሆን መፈተን ነው የሚያሻው። ጽሑፍ ላይ ደካማ ናቸው፤ ልክ ነው። ንግግር ግን ከጽሑፍ የሚያንስ እውቀት አይደለም። ሐኪም ፊት የቆመ ዓረብኛ ተናጋሪ በሽተኛ በመጀመሪያ የሚፈልገው የሚሰማውን ሰው ነው።

ሦስተኛው «ይህ ስደትን ያበረታታል» ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ከተማችን ድረስ ዘልቆ ከሄደ ወዲህ ያለውን ኑሮ የሚያውቅ የይፋት ሰው፣ ልጆች የሚሄዱት ስለተበረታቱ እንዳልሆነ ያውቃል። ቪዛ ያገኘችው በቦሌ ትሄዳለች። ያላገኘው በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከዚያ ከኦቦክ ጀልባ ይሳፈራል። «ታምሜያለሁ» ማለትን ማስተማር ማንንም አያስሰድድም። አለማስተማር ግን ሰው ይጎዳል።

ምን ይደረግ?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የምትሄድ ሴት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሥልጠናው አለ። ያነጋገርኳቸው ልጆች ግን ከሥልጠናው ያስቀሩት ሰላምታና የጥቂት ዕቃዎች ስም ነው። መጥረጊያ በዓረብኛ ምን እንደሚባል ያውቃሉ፤ «አልሠራም፣ አሞኛል» እንዴት እንደሚባል አያውቁም።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ የቋንቋውን ክፍል ከዚያ የተመለሱ ሴቶች ያስተምሩት። የመጽሐፍ ዓረብኛና የቤት ዓረብኛ ለየቅል ናቸው። ቤሩት የነበረች «አሁን» ለማለት «ሀላእ» ትላለች፤ ጅዳ የነበረች «ደሒን»፤ ሪያድ የነበረች «አልሒን»። ሦስቱ ተገናኝተው ሲጫወቱ ይሳሳቃሉ። ወደ ሪያድ የምትሄደዋን ሪያድ የነበረችው ታስተምራት። ለአስተማሪዋም ደሞዝ ይከፈላት፤ ይህ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይገልበጥ። ትእዛዝ መቀበያውን ቃል እዚያ ያስተምሯታል፤ በመጀመሪያው ቀን ትሰማዋለች። ከዚህ ይዛው መሄድ ያለባት እዚያ ማንም የማያስተምራትን ነው። «አና መሪዳ»፣ ታምሜያለሁ። «ራቲቢ»፣ ደሞዜ። «ጀዋዚ»፣ ፓስፖርቴ። «አብጋ አከሊም አህሊ»፣ ቤተሰቦቼን ማነጋገር እፈልጋለሁ። እና «ላ»። እምቢ።

በመጨረሻም የተመለሱት ይፈተኑና ወረቀት ይሰጣቸው። ለግንበኛውም፣ ለምግብ አብሳዩም የብቃት ምዘና አለ። የዓረብኛ ንግግር ምዘና ለምን አይኖርም? የሰላም ጓድ እንዳደረገው ቁጭ አድርጎ ማናገር ነው። ወረቀቱን የያዘች ሴት ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ሆቴል፣ አየር ማረፊያ፣ ከሁሉም በላይ ከዓረብ አገር የሚደወልን የእርዳታ ጥሪ የሚቀበል ስልክ ላይ ልትቀጠር ትችላለች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ስለ ሻንጣቸውና ስለ ቁስላቸው ብዙ ዘገብን። በምላሳቸው ይዘውት ስለመጡት ነገር ግን እኔም አልጻፍኩም፣ ሌላ ሲጽፍም አላየሁም።

መናኸሪያው አጠገብ

ጀርመኗ ልጅ ዛሬ በአገሯ በአማርኛ ትርጉም ትተዳደራለች። ለእንቁጣጣሽ ለአክስቴ ትደውላለች፤ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ስትላት ድምፅዋ የሸዋ ሮቢት ነው። ጋሼን ግን «ነይ» ማለት ትታለች፤ አሁን «ይምጡ» ነው።

የአክስቴ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት አላት። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል አንድ ሁለት ልጆች ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ቪዛቸው የደረሰላቸው ናቸው። ብርጭቆ እያጠበች ታስተምራቸዋለች። ገንዘብ አትጠይቅም፤ አንዳንዷ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ስሄድ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ አልነበረም። «ቁጥር ነው የሚያስገርፋችሁ» አለቻቸው። «ኸምሳ ስትባሉ ሃምሳ እንዳይመስላችሁ። አምስት ነው። አምስት ጣት አሳዩኝ እስቲ።»

ልጆቹ አምስት ጣታቸውን አነሱ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቋት። ምን አመጣሽ ሳይሆን ምን ተማርሽ በሏት። የምትነግራችሁን ጻፉልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው። በሥልጠና ማዕከልና በሥራ ስምሪት ቢሮ ያላችሁ አንባቢዎችም፣ አስተማሪ አጣን እንዳትሉ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ አንዷ አለች።

ቸር እንሰንብት።